ያረጀ የውሃ ሞተር፦ የትኛው ጥገና ያዋጣል?

በመስኖ ቴክኖሎጂ አጠቃቀም ላይ ለሞዴል አርሶ አደሮች በተሰጠ ሥልጠና የቀረበ ገለጻ



የዛሬው ርዕሳችን ውሃውን ከወንዝ ወይም ከጉድጓድ ስቦ ማሳ ላይ የሚያደርሰው ሞተር ነው። ስለ አዲስ ሞተር አንነጋገርም። አዲስ ሞተር ብዙ ክርክር የለውም፤ ዘይቱን በሰዓቱ ከቀየሩለትና አቧራ ከጠበቁለት ይሠራል። ክርክር የሚያመጣው አምስትና ስድስት መስኖ ያጠጣው፣ ጠዋት ሲያስነሱት የሚያስቸግረው፣ ጭስ የሚያበዛው፣ ዘይት የሚበላው ሞተር ነው። ባለቤቱ ላስጠግነው ይላል፣ ባለቤቲቱ እንሽጠው ትላለች፣ ጎረቤት ሌላ ይላል፣ መካኒኩ ደግሞ ሞተሩ ይውረድ ይላል።

ነገሩ ቀላል የሚመስለው ሞተሩ ጓሮ ቆሞ ሲታይ ነው። በጥር ወር ሽንኩርቱ ኮረት መቋጠር ሲጀምር ሞተሩ ቢቆም ግን ነገሩ ሌላ ነው። በፎገራ ሜዳ ከጉማራና ከርብ ወንዞች በሞተር እየሳባችሁ የምታለሙ ይህን በደንብ ታውቁታላችሁ። የሽንኩርት ሥር ወደ ጥልቅ አይወርድም፤ አብዛኛው ከላይኛው 30 ሴንቲ ሜትር አፈር ውስጥ ነው። ስለዚህ የላይኛው አፈር ሲደርቅ ከሥር የተከማቸ እርጥበት ፈልጎ አያገኝም። የመስኖ ስንዴም ሲያብብና ፍሬ ሲሞላ ውሃ ካጣ የከሰረውን በኋላ በሚጠጣው ውሃ አይመልሰውም። እንግዲህ የሞተር ጥገና ውሳኔ የብረት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የዘሩ፣ የማዳበሪያው፣ የጉልበቱና የብድሩ ሁሉ ጉዳይ ነው።

የዛሬው ገለጻ አንድ ነገር ብታስጨብጡኝ ይበቃኛል፤ እሱም ይህ ነው። ጥገና ስታስቡ የመጀመሪያው ጥያቄ "ስንት ብር ነው?" አይሁን። "ስንት መስኖ ያደርሰኛል?" ይሁን። አምስት ሺህ ብር አውጥቶ አንድ ወር ያልሞላ ጥገና ውድ ነው። ሃያ ሺህ ብር ፈጅቶ ሦስት መስኖ ያለ ችግር ያደረሰ ጥገና ርካሽ ሊሆን ይችላል። ይህን ለመመለስ በቅድሚያ በሽታው የት እንዳለ ማወቅ፣ ቀጥሎ የሞተሩን ልብ መመርመር፣ ከዚያም ማስላት ያስፈልጋል። በዚሁ ቅደም ተከተል እንሂድ።

1. በሽታው በእርግጥ የሞተሩ ነው?

"ሞተሩ ደክሟል፣ ውሃ መሳብ አቅቶታል" የሚል አቤቱታ ይበዛል። ብዙ ጊዜ ግን ሞተሩ ደህና ሆኖ ሌላው ነገር ነው የታመመው። ስለዚህ ሞተር ከመክፈታችሁ በፊት እነዚህን እዩ።

አንደኛ፣ የመሳቢያውን ቱቦ። ቱቦው ተሰንጥቆ ወይም መጋጠሚያው ላልቶ አየር የሚያስገባ ከሆነ ሞተሩ የቱንም ያህል ቢጮህ ውሃው በደንብ አይመጣም። ከውሃው ውስጥ የሚገባው የቱቦ ጫፍ ወንፊት በሣርና በደለል ተዘግቶ እንደሆነም እዩ።

ሁለተኛ፣ ከፍታውን። ፓምፕ ውሃን የሚስበው በአየር ግፊት ነው። ከባሕር ጠለል ከፍ ባልን ቁጥር የአየር ግፊቱ ይቀንሳል። የጣና አካባቢ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ነው፤ በዚህ ከፍታ ፓምፑ ከውሃው ፊት በቀጥታ ወደ ላይ ከ5 እስከ 6 ሜትር በላይ ርቆ ከተቀመጠ መሳብ ይቸግረዋል። በኅዳር በቂ የነበረው ቦታ በመጋቢትና በሚያዝያ ወንዙ ሲወርድ አይበቃም። ያን ጊዜ የሚያስፈልገው ፓምፑን ወደ ውሃው ማቅረብ ነው፤ ጋራዥ መውሰድ አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ማሳሰቢያ አለኝ። ውሃው ራቀ ብላችሁ የሚሠራ ሞተር ጉድጓድ ውስጥ አታውርዱ። ከሞተር የሚወጣው ጭስ ቀለምና ሽታ የሌለው መርዝ አለበት፤ ጉድጓድ ውስጥ ተጠራቅሞ የወረደውን ሰው፣ ሊያወጣው የወረደውንም ጭምር ይገድላል። ሞተሩ ጠፍቶም ቢሆን ጭሱ ወዲያው አይወጣም።

ሦስተኛ፣ ከፍታው የሞተሩንም ጉልበት ይቀንሳል። አየር ማፈኛ ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3.5 በመቶ ያህል ያጣል። በ1,800 ሜትር ላይ ይህ አንድ አምስተኛ ገደማ ይሆናል። ስለዚህ አዲሱም ሞተር ቢሆን በወረቀቱ ላይ የተጻፈውን የፈረስ ጉልበት እዚህ አይሰጥም። ከቆላ የመጣ ሰው ሞተር ጋር አወዳድራችሁ የእናንተን "ደከመ" አትበሉት።

አራተኛ፣ ነዳጁንና አየሩን። ናፍጣ በጀሪካን ሲመላለስ ውሃና ቆሻሻ ይገባበታል። የናፍጣው ፊልትሮ ሲዘጋ ሞተሩ ጭነት ላይ ያጣጥራል። የአየር ማጣሪያው በአቧራ ሲታፈን ጥቁር ጭስ ይመጣል። ሁለቱም በጥቂት ብር የሚስተካከሉ ናቸው።

አምስተኛ፣ ፓምፑን ራሱን። ሞተሩ ደህና ዞሮ ውሃው ግን ከቀነሰ ውስጥ ያለው ውሃ ገፊ ጥርስ በአሸዋ ተበልቶ፣ ወይም የውሃ መከላከያ ጎማው አልቆ ሊሆን ይችላል። ይህ የሞተር ጥገና አይደለም፤ ዋጋውም የሚነጻጸር አይደለም።

2. የሞተሩን ልብ መመርመር

በሬ ስትገዙ ጥርሱን ታያላችሁ፣ ታስኬዱታላችሁ፣ ትንፋሹን ታዳምጣላችሁ። ሞተርም እንዲሁ ነው። ልቡ ፒስተኑ፣ ፋሻው፣ ሲሊንደሩ፣ ቫልቮቹና ከታች የሚዞረው ክራንክ ሻፍት ከነብሮንዚኑ ነው። እነዚህ ደህና ከሆኑ ሌላው ሁሉ ሊጠገን የሚገባው ነው። እነዚህ ካለቁ ሌላውን መጠገን በፈረሰ ቤት ላይ አዲስ በር መግጠም ነው።

መካኒክ ሳትጠሩ ራሳችሁ ልታዩዋቸው የምትችሉ አምስት ምልክቶች አሉ።

ጭሱ። ሞተሩ ከሞቀና ሥራ ላይ ከዋለ በኋላ ያለውን ጭስ ተመልከቱ፤ በብርድ ሲነሳ የሚታየው ለፍርድ አይበቃም። ጥቁር ጭስ ናፍጣው በዝቶበታል ወይም አየር አንሶታል ማለት ነው፤ ማጣሪያው፣ ጭነቱ ወይም ናፍጣ የሚረጨው ኢንጄክተር ይታይ። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየነደደ ነው ማለት ነው፤ ይህ ወደ ፋሻና ወደ ሲሊንደር፣ አንዳንዴም ወደ ቫልቭ ያመላክታል። ከሞቀ በኋላም የማይቆም ነጭ ጭስ ናፍጣው ሳይነድ እየወጣ ነው፣ ወይም ውሃ ወደ ውስጥ እየገባ ነው ማለት ነው።

ዘይቱ። ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ የዘይት መለኪያውን አውጥታችሁ እዩ። በየቀኑ የምትጨምሩ ከሆነ ዘይቱ ወዴት ይሄዳል? መሬት ላይ ካልፈሰሰ እየነደደ ነው። ዘይቱ ወተት መስሎ ከነጣ ውሃ ገብቶበታል፤ እንዲህ ሆኖ አንድ ሰዓት እንኳ አታሠሩት።

ትንፋሹ። ሞተሩ በዝግታ እየሠራ ሳለ የዘይት መሙያውን ክዳን በጥንቃቄ ላላ አድርጉ። ቀጭን ትንፋሽ ያለ ነው። እንደ ጭስ ማውጫ በኃይል የሚገፋ ጭስ ካለ ግን ግፊቱ በፋሻው አልፎ ወደ ታች እየወረደ ነው።

ግፊቱ፣ ማለት ኮምፕሬሽኑ። ሞተሩ ጠፍቶ፣ ናፍጣው ተዘግቶ፣ በእጅ ቀስ ብላችሁ አዙሩት። ጤነኛ ሞተር አንድ ቦታ ላይ ይከብዳል፣ ስትለቁት ወደ ኋላ ይመለሳል። ያለ ምንም ክብደት የሚዞር ከሆነ ግፊቱ ሸሽቷል። የናፍጣ ሞተር ናፍጣውን የሚያቃጥለው አየሩን አፍኖ በማሞቅ ስለሆነ ግፊት ከሌለ አይነሳም። ጠዋት የሚያስቸግር፣ ከሰዓት ግን በቀላሉ የሚነሳ ሞተር ብዙ ጊዜ ይህን ነው የሚነግራችሁ። ግፊቱ የሸሸው በየት በኩል እንደሆነ ለመለየት መካኒኩ ጥቂት ዘይት ወደ ሲሊንደሩ ጠብ ያደርጋል። ግፊቱ ከተመለሰ ችግሩ ፋሻና ሲሊንደር ላይ ነው፤ ካልተመለሰ ቫልቭ ወይም የቴስታታ ጓርኒሲዮን ነው። ይህን ራሳችሁ አትሞክሩት፤ ዘይቱ ከበዛ ሞተሩን ይሰብራል።

ድምፁ። ከታች የሚመጣ፣ ጭነት ሲበዛበት የሚብስ ከባድ ኳኳታ የብሮንዚን ድምፅ ነው። እዚያው አጥፉት። በዚያው ቀን ከቆመ ብሮንዚን በመቀየር ሊያልፍ ይችላል። "ይችን መደብ ላጠጣና" ተብሎ ከቀጠለ ክራንክ ሻፍቱ ይፋቃል፣ ሲብስም የፒስተኑ ክንድ ተሰብሮ የሞተሩን አካል ይበሳል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እዚህ ላይ ነው።

በውሃ ለሚቀዘቅዝ ሞተር አንድ እጨምራለሁ። ሞተሩ እየሠራ ሳለ በማቀዝቀዣው ውሃ ውስጥ አረፋ ሳያቋርጥ ከተነሳ ጓርኒሲዮኑ ተበልቷል። ነገር ግን የጋለ ራዲያተር ክዳን አትክፈቱ፤ ከመነሳቱ በፊት በብርዱ ከፍታችሁ አስነሱና እዩ።

3. አራቱ የጥገና መደቦች

ከምርመራው በኋላ መካኒኩ የሚላችሁን ጥገና ከእነዚህ ከአራቱ በአንዱ መድቡት።

የመጀመሪያው ያለ ክርክር የሚደረግ ነው። የሞተር ዘይት፣ የናፍጣና የአየር ማጣሪያ፣ ቺንጊያ፣ የላላ ቡሎን፣ የሚያንጠባጥብ ቱቦ፣ የቤንዚን ሞተር ከሆነ ካንዴላ። እነዚህ ለአሮጌም ለአዲስም ያዋጣሉ። ለትናንሽ የውሃ ሞተሮች ዘይት በየ100 የሥራ ሰዓቱ መቀየር የተለመደ ነው፤ በቀን 6 ሰዓት ብታሠሩ ይህ 17 ቀን ገደማ ነው፣ በመስኖው መጨረሻ አንዴ ማለት አይደለም። ከሁሉም በላይ የአየር ማጣሪያውን ጠብቁ። በተቀደደ ማጣሪያ የሚገባ አቧራ ፋሻውንና ሲሊንደሩን እንደ ሞረድ ይበላዋል። የምትሸጡት ሞተር እንኳ ቢሆን እስኪሸጥ ድረስ ይህን አትንፈጉት።

ሁለተኛው ልቡ ደህና ከሆነ ብቻ የሚደረግ ነው። ኢንጄክተር ማስተካከል ወይም መቀየር፣ ቫልቭ ማስሞረድ፣ ጓርኒሲዮን መቀየር፣ የናፍጣ ፖምፓ ማስጠገን፣ ዘይት የሚያንጠባጥብ ፓራኦሊዮ መቀየር። ኮምፕሬሽኑ ጥሩ ለሆነ ሞተር እነዚህ ዕድሜ ይጨምራሉ። ፋሻው ላለቀ ሞተር አዲስ ኢንጄክተር መግጠም ግን የላመ ገብስ ጥርስ ለሌለው በሬ እንደማቅረብ አይሆንም፤ እንዲያውም ለሞተ በሬ ነው። ጓርኒሲዮን ስታስቀይሩ ደግሞ የቴስታታው ፊት ቀጥ ማለቱ ይለካ። ተጣሞ ሳለ ከተገጠመ አዲሱም ቶሎ ይበላል፣ ሁለት ጊዜ ትከፍላላችሁ።

ሦስተኛው ካልተሰላ የማይደረግ ነው። ሞተሩን አውርዶ ፒስተን፣ ፋሻ፣ ሲሊንደርና ብሮንዚን መቀየር፣ ክራንክ ሻፍቱን በቶርኖ ማስተካከል። ይህ ጥገና መጥፎ አይደለም፤ በደንብ ከተሠራ ሞተሩን ያድሳል። ዋጋው ከፍ ስለሚል ግን በስሌት ነው የሚገባበት።

አራተኛው የማይደረግ ነው። የተሰነጠቀ የሞተር አካል በብየዳ ማስያዝ፣ ኳኳታ ለመደበቅ ወፍራም ዘይት መሙላት፣ ያለቀ ዕቃ ከሌላ ሞተር በወጣ ያለቀ ዕቃ መተካት፣ እንዲሁም ሲሊንደሩ ሳይለካ ፋሻ ብቻ መቀየር። ይህ የመጨረሻው ብዙዎችን ይስባል፤ ርካሽ ነውና። ሲሊንደሩ ተበልቶ እንቁላል ቅርጽ ከያዘ ግን ክቡ አዲስ ፋሻ ግድግዳውን አይዝም። ለጥቂት ሳምንት የተሻለው ሞተር ተመልሶ ዘይት ይበላል፤ የከፈላችሁት ሙሉ በሙሉ ይባክናል።

4. ስሌቱ

አሁን ወደ ሦስተኛው መደብ እንመለስ። የምጠቅሰው ብር ለስሌት ማስተማሪያ ብቻ ነው፤ እናንተ የራሳችሁን ገበያ ዋጋ ተኩበት።

አዲስ ሞተር ከነፓምፑ 60,000 ብር ነው እንበል። አሮጌው እንዳለ 9,000 ብር ያወጣል። ስለዚህ ለአዲሱ ከኪሳችሁ የሚወጣው 51,000 ብር ነው። አዲሱ በጥሩ አያያዝ 6 መስኖ ቢሠራ፣ 51,000 ለ6 ሲካፈል 8,500 ብር ይሆናል። ይህ የአዲሱ የአንድ መስኖ ዋጋ ነው።

አሮጌውን አውርዶ ማደስ 21,000 ብር ነው ተባላችሁ። መካኒኩ 3 መስኖ ያደርሳል ካለና ምርመራው ይህን ከደገፈ፣ 21,000 ለ3 ሲካፈል 7,000 ብር ነው። ከ8,500 ያንሳል፤ ጥገናው ያዋጣል። ያው 21,000 ብር 2 መስኖ ብቻ የሚያደርስ ከሆነ ግን በመስኖ 10,500 ይመጣል። አያዋጣም። የጥገናው ዋጋ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የሚያደርስበት ጊዜ ነው። ለዚህ ነው "ስንት መስኖ ያደርሰኛል?" ማለትን ያስቀደምነው።

በዚህ ላይ አራት ነገሮች ይታከላሉ።

አንደኛው ነዳጅ ነው። ያለቀ ሞተር ለዚያው ሥራ ብዙ ይጠጣል። ታንከሩን እስከ አፉ ሞልታችሁ አንድ ሰዓት አሠሩት፣ ከዚያ በሊትር መለኪያ መልሳችሁ ሙሉት፤ የሰዓት ፍጆታው ይህ ነው። ከዚህ በፊት ይጠጣ ከነበረው በሰዓት ግማሽ ሊትር ቢጨምር፣ በቀን 6 ሰዓት ለ60 ቀን ሲሠራ ተጨማሪው 180 ሊትር ይሆናል። ይህን በማደያው ዋጋ አባዙት። "እንዲሁ እስኪሞት ልሥራበት" ማለትም ዋጋ እንዳለው ታያላችሁ።

ሁለተኛው መለዋወጫ ነው። በአቅራቢያችሁ ከተማ ዕቃው የሚገኝለት ሞተር ለጥገና ይበቃል። ፋሻው ከሩቅ ታዝዞ ሦስት ሳምንት የሚያስጠብቅ ከሆነ ግን ስሌቱ ቢያዋጣም እንኳ በመስኖ ወቅት ይከዳችኋል።

ሦስተኛው በእጅ ያለ ገንዘብ ነው። አዲሱ በስሌት ቢሻልም 51,000 ብሩ ከሌለ፣ ከብድርና ቁጠባ ተቋም የሚወሰደው ገንዘብ ወለድ አብሮ ይቆጠር። ወለዱ ከልዩነቱ ከበለጠ አንድ መስኖ የሚያሻግር መጠነኛ ጥገና አድርጎ፣ ከምርቱ ሽያጭ ለአዲሱ መቆጠብ ብልህነት ነው። በቡድን የምታጠጡ ደግሞ አንዱ የሞተር ወጪ የሁሉ ስለሆነ አብራችሁ አስሉት።

አራተኛው ከሂሳቡ መውጣት ያለበት ነው፤ ቀድሞ የወጣ ብር። "ባለፈው ዓመት ለናፍጣ ፖምፓው 8,000 ብር አውጥቼበታለሁ፣ አሁን እንዴት እተወዋለሁ?" የሚል አለ። ያ ብር ሄዷል፤ ብትጠግኑትም ባትጠግኑትም አይመለስም። የምታስሉት ከዛሬ ጀምሮ የሚወጣውንና ከዛሬ ጀምሮ የሚገኘውን ብቻ ነው። የታመመ በሬ መድኃኒት ብዙ ስለበላ ብቻ ሞፈር አይጎትትም።

5. መቼ እንወስን?

ውሳኔው የሰኔ ነው፣ የጥር አይደለም። መስኖው አልቆ ክረምቱ ሲገባ ሞተሩ ሥራ ይፈታል፣ ጋራዡም ፋታ ያገኛል፣ ዋጋ ለመጠየቅና ዕቃ ለመፈለግ ጊዜ አለ። በሰኔ መርምሩ፣ በሐምሌና በነሐሴ አስጠግኑ ወይም ሽጡ፣ በመስከረም መጨረሻ ደግሞ ቢያንስ አንድ ሰዓት በጭነት አሠርታችሁ ፈትኑት። ክረምቱን የሚያርፈውን ሞተር ንጹሕ ዘይት ሞልታችሁ፣ የማቀዝቀዣውን ውሃና በፓምፑ ውስጥ የቀረውን ውሃ አፍስሳችሁ፣ ከዝናብና ከመሬት እርጥበት ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡ።

ሰብል ማሳ ላይ ሳለ ቢበላሽስ? ያን ጊዜ ሕጉ ይለወጣል። ሰብሉን እስከ አጨዳ የሚያደርሰውን ትንሹን ጥገና ብቻ አድርጉ። የጎረቤት ሞተር በኪራይ ውሰዱ፣ ተራ አስይዙ። ሙሉ እድሳት በጥር ወር ማስጀመር አደገኛ ነው፤ አንድ የጠፋ ዕቃ ሁለት ሳምንት ሊያስቆማችሁ ይችላል። ኪራዩ ቢወደድም ከሰብሉ ጋር አመዛዝኑት።

6. ከመካኒክ ጋር

ጥሩ መካኒክ ጥያቄ አይጠላም። ሞተሩ ከመከፈቱ በፊት የምርመራውንና የመክፈቻውን ዋጋ ለብቻ ተስማሙ። ከተከፈተ በኋላ ቆማችሁ እዩ። በሲሊንደሩ አናት ላይ ጥፍር የሚይዝ ዕርከን ካለ፣ ግድግዳው ላይ ቁመት የያዘ ጭረት ከታየ ብዙ ተበልቷል ማለት ነው። "በመለኪያ ለካልኝ" በሉ፤ በዓይን ብቻ የተፈረደ ሲሊንደር አይበቃም።

ገደባችሁን ከቤት ይዛችሁ ሂዱ። ባልና ሚስት ተመካክራችሁ "ከዚህ ብር ካለፈ እንሸጠዋለን" ብላችሁ ወስኑ። ሞተሩ ተፈታቶ ጨርቅ ላይ ከተዘረጋ በኋላ "እዚህ ላይ ትንሽ ብትጨምር" ሲባል እምቢ ማለት ይከብዳል፤ ገደቡ የሚጠቅመው ያኔ ነው። የተቀየረውን አሮጌ ዕቃ መልሳችሁ ተረከቡ፤ ደረሰኝም ያዙ። መካኒኩ ሲያስረክባችሁ በጭነት እያሠራ ያሳያችሁ፣ ለስንት ጊዜ ኃላፊነት እንደሚወስድም በጽሑፍ ይስጣችሁ። "ስንት መስኖ ያደርሰኛል?" ለሚለው የእሱ መልስ ይህ ወረቀት ነው።

7. ለትራክተርና ለፒክ አፕ

ከእናንተ መካከል አሮጌ ትራክተር ወይም ምርት የሚያመላልስ ፒክ አፕ ያላችሁ አላችሁ። መርሑ ያው ነው፤ ሁለት ነገር ብቻ ይጨመራል። አንደኛው፣ እነዚህ ብዙ ሲሊንደር አላቸው። መካኒኩ የሁሉንም ኮምፕሬሽን በመለኪያ ለክቶ ያወዳድር። አንዱ ብቻ ዝቅ ካለ የቫልቭ ወይም የጓርኒሲዮን ነገር ሊሆን ይችላል፣ ጥገናውም ያዋጣል። ሁሉም ተያይዘው ከወረዱ ሞተሩ ባጠቃላይ አርጅቷል። ሁለተኛው፣ ሞተር ብቻውን መኪና አይደለም። ሻሲው ዝጎ ከተሰነጠቀ፣ ፍሬኑና መሪው ካላስተማመነ፣ ማርሹ ከተበላ፣ በዚያ ላይ የታደሰ ሞተር መጫን ገንዘብ ማባከን ነው፤ ሕይወትም ያስከፍላል። በመኪና ላይ ፍሬን፣ መሪና ጎማ ከሞተር ይቀድማሉ።

የተከበራችሁ አርሶ አደሮች፣

ከዚህ ስትመለሱ አንድ ደብተር ክፈቱ፤ የሞተሩ መዝገብ ይሁን። ሞተሩ የሠራበት ሰዓት፣ የጠጣው ነዳጅ፣ የተጨመረው ዘይት፣ የተደረገለት ጥገናና የወጣው ብር ይጻፍበት። እናንተ ማሳ ስትውሉ ተማሪ ልጆቻችሁ ሊይዙት ይችላሉ። አንድ መስኖ የተጻፈ ደብተር ሞተሩ እየደከመ መሆኑን ጭሱ ከመጥቆሩ በፊት ይነግራችኋል። በሰኔ ወር ደብተሩን ይዛችሁ ወደ ልማት ጣቢያችሁ ኑ፤ ስሌቱን አብረን እንሠራለን። ጎረቤቶቻችሁም ከእናንተ አይተው ስለሚማሩ የተማራችሁትን በልማት ቡድናችሁ አካፍሉ።

አሁን ወደ ውጭ ወጥተን እዚህ በቀረበው አሮጌ ሞተር ላይ አምስቱን ምልክቶች በየተራ እንመረምራለን፤ ጥያቄያችሁንም እዚያው እቀበላለሁ።